ጉርብትና የሰጠው ትምህርት

ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን የምትዋሰነው፣ በሜሪላንድ ግዛት ያለችው የሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞች ከከተማው እየወጡ ቤት ስለ ሠሩባት፣ በ1950 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 164 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝቧ በ2020 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን 60 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰቦቿ እኩሌታ የሚበልጡት በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያገኙ፣ መዝገብ አይቶ የሚፈርድ ሰው ከባዕለ ጸጎች አገር ይቆጥራታል። ዳሩ ግን 160 ሺህ ያህል ልጆች በሚማሩባቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ፣ በወላጆቻቸው ገቢ ማነስ ምክንያት ምሳቸውን በነጻ ወይም በቅናሽ ዋጋ እንዲበሉ የተፈቀደላቸው ከሲሶ ይበልጣሉ፤ ትውልዳቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነም በሕዝቡ መካከል አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆኑ፣ በተማሪዎቹ መካከል ከሲሶ ያልፋሉ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሰፈረው ወገናችንም ልጆቹን ወደነዚሁ ትምህርት ቤቶች ስለሚልክ፣ ለወላጆች የሚወጣው ማስታወቂያ በአማርኛ ጭምር ይጻፋል።

በጀቱ ለመላው ካውንቲ አንድ ቢሆንም፣ ልጅ የሚማረው ቤቱ ባለበት ሰፈር ስለ ሆነ፣ በቤተዝዳ ወይም በፖቶማክ ቤት መግዛት ያልቻለ ነዳይ የዚያን ሰፈር ትምህርት ቤትም አያገኝም። ይህን አጥር ለማላላት የካውንቲው ምክር ቤት በ1974 ያወጣው ሕግ፣ ብዙ ቤቶችን በአንድነት የሚሠራ ነጋዴ ከመቶው እስከ 15 የሚሆኑትን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚስማማ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ከነዚሁም ከፊሉን የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን እየገዛ ለድኾች ያከራያል።

በ2000 ገደማ የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ድህነት የበረታባቸውን ሰፈሮች ቀይ፣ የቀሩትን አረንጓዴ ብሎ ከፍሎ፣ በቀዮቹ የክፍሉን ተማሪ ቍጥር ቀነሰ፣ ገንዘብም ጨመረ። ሄዘር ሽዋርትዝ የተባሉት ተመራማሪ በ2010 ባወጡት ጥናት በኮሚሽኑ ቤቶች የሚኖሩትን የድኻ ልጆች ሲያነጻጽሩ ግን፣ ተጨማሪ ገንዘብ በተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ይልቅ፣ ምንም ሳይጨመርላቸው ድኻ በጥቂቱ ባለበት ትምህርት ቤት የተማሩት በልጠው ተገኙ፤ የመጀመሪያ ደረጃን ሲፈጽሙም በሒሳብ ከደኅና ኑሮ ልጆች የሚለያቸው ርቀት በግማሽ ጠቦ ነበር። ቤተሰቡ የሚገባበት ቤት በዕጣ ስለሚወሰን፣ የተሻለ ትጉህ ወላጅ የተሻለውን ሰፈር መረጠ ለማለት አይቻልም፤ ለእኔም የጥናቱ ክብደት በዚህ ነው። ገንዘቡ ከንቱ ነበር አልልም፤ ነገር ግን አንድ ሕፃን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ መወሰን ከበጀቱ መጠን ይልቅ ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላየሁም።

ይሁንና በሕጉ ዝቅ ብሎ የተወሰነው የመሸጫ ዋጋ መጀመሪያ ለ5፣ ኋላም ለ10 ዓመት ብቻ የሚጸና ስለ ነበር፣ ዘመኑ ሲፈጸም ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ገበያው ዋጋ ተመለሱ፤ ለሽያጭ በሚቀርቡት ላይ ገደቡ 30 ዓመት የሆነው ከ2005 ወዲህ ነው።