ተደጋጋሚ መልእክት፦ ስንቱ ይበቃል?

ኮምፒውተር የሚያከናውነውንና የሚገጥመውን ችግር «ሎግ» በተሰኘ መዝገብ ያሰፍራል። ታዲያ አንድ ብልሽት ያንኑ መልእክት ያለማቋረጥ ሲያስጽፍ ምን ይደረጋል?

በተፍኪ ሜዳ፣ በክረምት ሞልቶ በሚፈሰው በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል ብለን እናስብ። መሣሪያው «ግንኙነት ተቋረጠ» የሚል መልእክት በሰከንድ 20 ጊዜ ቢጽፍ በቀን 1,728,000 መስመር ይሆናል።

የሊነክስ ከርነል ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ያስቀመጠው መነሻ ገደብ በ5 ሰከንድ 10 መልእክት ነው። በዚህ ስሌት መዝገቡ ወደ 172,800 መስመር ገደማ፣ ማለትም ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሳይጻፉ የታለፉትም ብዛታቸው ተቆጥሮ ይመዘገባል።

ይሁን እንጂ ገደቡ ለመልእክቶች ሁሉ የጋራ ከሆነ፣ ተደጋጋሚው መልእክት ድርሻውን ይጨርስና «ውኃው ከአደጋው ምልክት አለፈ» የሚለው ብቸኛ መልእክት ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። የሊነክስ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የመልእክት ምንጭ የየራሱ ገደብ እንዲሰጠው የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ገደብ ሲመረጥ ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ፤ ችግሩን ለመረዳት ስንት መልእክት እንደሚበቃ፣ ማከማቻው በቀን ስንት መስመር እንደሚችል፣ እንዲሁም የትኛው መልእክት ፈጽሞ መታፈን እንደሌለበት።