ልጁ ለምን ቁጢጥ ይላል?

ልጆች ሲሯሯጡ ቆማችሁ ተመልክታችሁ እንደሆነ፣ ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ሩጫውን ትቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ ሲል አጋጥሟችሁ ይሆናል። ጥቂት ያርፍና ይነሣል፤ ጥቂት ሮጦ እንደገና ቁጢጥ ይላል። ጓደኞቹም «ሰነፍ!» ይሉታል። እኔም መምህር ሆኜ ሳለሁ ከጓደኞቹ የተሻልሁ አልነበርሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ የ7 ዓመት ታናሽ ወንድሙን አልፎ አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ይመጣ ነበር። ሕፃኑ ከበሩ እስከ ክፍላችን ያለችውን አጭር ዳገት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ይላል። አንድ ቀን እየሳቅሁ፣ «ይህ ሰው ሳያረጅ ደከመው እንዴ?» አልሁ። ተማሪዬ ግን አልሳቀም። «መምህር፣ ልቡን ታሞ ነው» አለኝ። ጠጋ ብዬ ባየው የልጁ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊነት ያደላ ነበር። አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

የሰው ልብ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ በጠቅላላው 4 ክፍሎች አሉት። የቀኙ ወገን በሰውነት ዞሮ የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ የግራው ወገን ደግሞ ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ደም ለመላው ሰውነት ያድላል። በሁለቱ መካከል ግድግዳ አለ። ጽንሱ ገና በማኅፀን ሳለ ይህ ግድግዳ ሳይገጥም ቢቀር ወይም አንዱ የደም መንገድ ቢጠብ፣ ልጁ ጉድለቱን ይዞ ይወለዳል። በዓለም ላይ ከሚወለዱት 100 ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ያለ የልብ ጉድለት አለበት።

በዚያ ሕፃን ልብ በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚወስደውም መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከደሙ ከፊሉ ሳንባ ሳይደርስ፣ በቀዳዳው አቋርጦ ወደ ሰውነት ይሄዳል፤ ከንፈሩን የሚያጠቁረው ይህ ነው። ቁጢጥ ሲል ግን የእግሩ የደም ሥሮች ይጫናሉ፤ ደሙም ወደዚያ መሄድ ሲከብደው ወደ ሳንባ የሚያልፈው ይበረክታል። እንግዲህ ሕፃኑ ማንም ሳያስተምረው ማስታገሻውን አግኝቷል ማለት ነው። እኛ ስንፍና ያልነው ብልሃት ኖሯል!

የልብ ጉድለት ያለበት ሁሉ ግን ከንፈሩ አይጠቁርም። አንዳንዱ ጡት ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ኪሎ አይጨምርም፤ የሳንባ ምችም ይመላለስበታል። በየቤቱ ግን «ብርድ መታው» ወይም «ቡዳ በላው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ሐኪሙን ግን አያስቀር። ምክንያቱም ትልቅ ቀዳዳ ለብዙ ዓመታት ሳይዘጋ ከቆየ የሳንባ የደም ሥሮች ይደነድናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳውን መዝጋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ጊዜ ራሱ መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ለበሽታው መላ ከተገኘ ቆይቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ ሐኪሟ ሄለን ታውሲግ ባፈለቀችው ሐሳብ፣ ቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ ከንፈሯ ለጠቆረ ሕፃን ተጨማሪ ደም ወደ ሳንባ የሚያደርስ መንገድ ሠራላት። ሥራውን አስቀድሞ በውሾች ላይ ሞክሮ ያሳካውና በዚያች ቀን ከኋላው ቆሞ የመራው፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ጥቁር አሜሪካዊ ቪቪየን ቶማስ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ቀዳዳ ደረት ሳይከፈት፣ በጭን የደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል።

በአገራችንስ? ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። ለብዙ ዘመን ሕፃናቱ የሚታከሙት ወደ ውጭ እየተላኩ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2009 ግን በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ ልጆችም በነጻ ይታከሙበታል። ይሁን እንጂ ለኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ብዙው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ባለሙያውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ተራ የሚጠብቁት በሺሕ ይቆጠራሉ። የተማሪዬ ወንድምም ከእነርሱ አንዱ ነው።

አንባብያን ሆይ! እኔና እናንተ ቀዶ ሐኪሞች አይደለንም፤ ወረፋውንም በአንድ ቀን ማሳጠር አንችልም። ነገር ግን ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ይገባል፤ ጸሐፊውም በየወረዳው ተመድቦ ይሠራል። ዓይናችን ከሐኪሙ ዓይን ቀድሞ ብዙ ልጆችን ያያል። የደከመ ሕፃን ስታዩ እናቱን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፤ የልቡን ምት የሚያዳምጥ ሐኪም ዘንድ እንድትወስደውም ምከሯት። ከአቅማችንም ጥቂት ብናዋጣ ለአንዱ ተራውን ያቀርብለታል።

ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ በዚያችው ዳገት ላይ ቁጢጥ አለ። እኔም እስኪነሣ ድረስ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁት። እናንተም ቁጢጥ የሚል ልጅ ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁ።