ኬታሚን፦ ዓይን ሳያስከድን የሚያደነዝዘው መድኃኒት

በኬታሚን ሰመመን ውስጥ የገባ ታካሚ የተኛ አይመስልም። ዓይኑ እንደተገለጠ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ምራቁን ይውጣል፤ አንዳንዴም እጁ ይንቀሳቀሳል። ቆዳው ሲቀደድ ግን አይሰማውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ «ነቅቷል!» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መድኃኒቱን በ1962 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቀመመው አሜሪካዊው ኬሚስት ካልቪን ስቲቨንስ ነው። ታካሚን ለረጅም ሰዓት ያቃዥ የነበረውን ፒሲፒ የተባለ ማደንዘዣ እንዲተካ ታስቦ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሚሺጋን እስረኞች ላይ ተሞከረ፤ ዛሬ ቢሆን በቀላሉ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። በ1970 ፈቃድ አገኘ፤ ቬትናም የዘመቱ የአሜሪካ ሐኪሞችም ተጠቀሙበት።

ብዙዎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽን ያዳክማሉ፣ የደም ግፊትንም ያወርዳሉ። ኬታሚን ግን በተለመደው መጠን በዝግታ ሲሰጥ ትንፋሽን ብዙም አይነካም፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሕመምንም ያስታግሳል። ደም ሥር ካልተገኘ በጡንቻ ይወጋል። የሰመመን ማሽን በሌለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሆስፒታል፣ በአገራችን ገጠርም ጭምር፣ ብዙ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በእሱ ነው። ቻይና በ2015 በዓለም አቀፍ የዕፅ ቁጥጥር ሥር ይግባ ስትል የዓለም ጤና ድርጅት የተቃወመው ለዚሁ ነው።

ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ኬታሚን አይሰጠው የሚለው ደንብ ለዓመታት ሲሸመደድ ኖሯል። መነሻው በ1970ዎቹ በጥቂት ታካሚዎች የራስ ቅል ውስጥ የታየ የግፊት መጨመር ነበር። በኋላ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ ሕሙማን ላይ ሲጠና ፍርሃቱ የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ተቃራኒው እምነት ነው፦ «ኬታሚን የደም ግፊት አያወርድም» የሚለው። መድኃኒቱ ራሱ ልብን ያደክማል፤ ግፊቱ ከፍ የሚለው ሰውነት አድሬናሊንና መሰሎቹን ስለሚለቅ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም በኢንፌክሽን ለቀናት የተዳከመ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ ይህ ስንቁ አልቆበት ይሆናል፤ ሙሉ መጠን ሲሰጠው ግፊቱ በአንዴ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው መጠኑን ይቀንሳል፤ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒትም አስቀድሞ በሲሪንጅ ቀድቶ ያስቀምጣል።

ሲነቁ መቃዠትም አለ፤ ለዚህ ለአዋቂዎች ሚዳዞላም ወይም ዳያዜፓም ይታከላል። አእምሮን የሚነካው ይኸው መድኃኒት ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል። በ2019 አሜሪካ የኬታሚን ዘመድ የሆነውን ኤስኬታሚን፣ በሌሎች መድኃኒቶች ላልተሻለ ድብርት በአፍንጫ እንዲነፋ ፈቀደች። ታካሚው ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም፤ ከወሰደ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ግፊቱ እየተለካ ይቆያል፤ እስከ ማግሥቱም መኪና አይነዳም።