ሌሊቱ የሚያወራበት ሪራ

ማደሪያ ሊይዙ ደውለው «ክፍሉ ውስጥ መንፈስ አለ» ቢባሉ ምን ያደርጋሉ? ስልኩን ይዘጉ ይሆናል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ያለው ስታንሊ ሆቴል ግን እንግዳ የሚጎርፍለት በዚሁ ወሬ ነው።

ሆቴሉን ያሠራው በእንፋሎት በሚሠሩ መኪኖቹ የታወቀው ፍሪላን ስታንሊ ነው። ወደ ተራራው የሄደው የሳንባ በሽታ አድክሞት ንጹሕ አየር ፍለጋ ሲሆን፣ ሆቴሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። በ1974 ደራሲው ስቲቨን ኪንግ ከባለቤቱ ጋር በ217 ቁጥር ክፍል አደረ። የእንግዳው ወቅት አልቆ ሆቴሉ ሊዘጋ ስለነበር ኮሪደሩ ሁሉ ጭር ብሏል። በዚያች ሌሊት ትንሽ ልጁ በኮሪደሩ ሲሳደድ በህልሙ አየና በላብ ተጠምቆ ነቃ። ከዚያ ህልም የተነሣው «ዘ ሻይኒንግ» የተባለው ልቦለድ በ1977 ታተመ። ዛሬ በሆቴሉ የመንፈስ ታሪክ የሚተረክበት ጉብኝት በትኬት ይሸጣል።

እኔ የገበያ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለችኝ ሪራ ናት።

ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ወደ ሰናቴ አምባ ይወጣሉ። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከአምባው ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ብርዱ ይለዝባል፤ አስታው፣ ኮሶውና ቀርከሃው ይቀበልዎታል። ከቅርንጫፉ የአዛውንት ጺም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ፣ ጉሙ በግንዶቹ መካከል ሲያልፍ ሲያዩ ልጆችዎ ሳይነገራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሐረና ጫካ መግቢያ ላይ ያለችው መንደር ሪራ ናት።

እዚህ ባለ ኮሪደር ሆቴል አይጠብቁ። ሌሊቱ ግን ባለታሪክ ነው። መጀመሪያ ያደርኩ ጊዜ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከጫካው ውስጥ ወፍራም የሚንከባለል ጩኸት ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ሌላ መለሰለት። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ጠዋት ቡና ስናፈላ ስጠይቅ ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ ጉሬዛ ነው! አንዱ መንጋ ክልሉን ለማሳወቅ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል። ስለ ጅቡና ስለ አንበሳው ግን አልሳቁም፤ እነሱ ጫካው ውስጥ በእርግጥ አሉ።

ታዲያ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስታንሊ የሚሸጠው ማንም በእርግጠኝነት ያላየውን መንፈስ ነው። ሪራ ያላት ሕይወት ያለው ጫካ ነው፤ ጫካው ከጠፋ ግን ጩኸቱም ጨዋታውም አብሮ ይጠፋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ሰፈራው፣ ግጦሹና እርሻው አሁንም ይገፋዋል። ከጫካው ዳር ለሚኖር አባወራ የቆመ ዛፍ ከተቆረጠው የበለጠ ካላበላው «ጠብቅልን» ማለታችን ባዶ ምክር ነው።

ስለዚህ ከሄዱ አይለፉ፤ ይደሩ። ማርና የጫካ ቡና ከአምራቹ እጅ ይግዙ። ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀሉ የአካባቢው አስጎብኚ ያሳይዎታል፤ እሱንም ይክፈሉት። የፓርኩን ክፍያ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ሰናቴን በብርሃን ይለፉ፤ ለልጆች ወፍራም ሹራብ ይያዙ። ከጨለመ በኋላ ብቻዎን ወደ ጫካው አይውጡ።

ማታ እሳቱ ዳር ሲቀመጡ ስልኩን ያጥፉና ከመንደሩ አዛውንት አንዱን «አባቴ፣ በልጅነትዎ ይህን ጫካ ሲያቋርጡ ምን ያስፈራዎት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ልጆችዎ ይስሙት። ጎህ ሲቀድ ጉሬዛው ሲጮህ ደግሞ አይቀስቅሷቸው፤ ራሳቸው ይነቃሉ።