ሳንደር ሲቀየር በእጃችን ያለው ዲስክ ምን ይሆናል?

የእንጨት ሥራ ቤቶች አሮጌው ሳንደር ሲቃጠልባቸው ቀድመው የሚጠይቁት የአዲሱን ዋጋ ነው። መደርደሪያ ላይ በየቁጥሩ የተከማቸው ክብ የብርጭቆ ወረቀት ወይም ዲስክ ትዝ የሚላቸው ማሽኑ ከተገዛ በኋላ ነው። ያኔ ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥም ይላል፤ አለዚያም ዲስኩ ከፓዱ ጠቦ ይገኛል። ብዙዎች «እስከተጣበቀ ድረስ ይሠራል» ብለው ያልፉታል። መሥራቱንስ ይሠራል፤ ዋጋው ግን በኋላ በገንዘብም በጤናም ይከፈላል።

እዚህ የምናወራው እየተሽከረከረ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚወዛወዘው ክብ ሳንደር ነው። በደቂቃ እስከ 12,000 ጊዜ የሚወዛወዙ አሉ። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ስለሚደባለቁ ጭረቱ በአንድ መስመር አይደጋገምም፤ ቫርኒሽ ለሚቀባ እንጨት የተመረጠውም ለዚህ ነው። ዲስኩ የሚለጠፍበት ጎማ መሰል ክፍል ፓድ ይባላል። በፓዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች የዲስኩን ጀርባ ጸጉር ይይዛሉ፤ ልጆች ጫማ ላይ የምናውቀው ቬልክሮ ማለት ነው። ጀርባቸው ሙጫ የሆኑ ዲስኮችም አሉ፤ እነዚህን ቬልክሮ ፓድ ላይ መለጠፍ መንጠቆውን ማበላሸት ነው።

መጠኑ ቀላሉ ነገር ነው። በብዛት የሚገኙት 125 ሚሊሜትር (5 ኢንች) እና 150 ሚሊሜትር (6 ኢንች) ናቸው። ግን ለግራይንደር የተሠራ 115 ሚሊሜትር ዲስክም አለ፣ ሲያዩት ከ125ቱ ብዙም አይለይም። ይህ በ125 ፓድ ላይ ሲለጠፍ የፓዱ ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል፤ መንጠቆዎቹ እንጨቱን እየነኩ ያልቃሉ። ዲስኩ ከፓዱ ሲሰፋ ደግሞ ጠርዙ እየተርገበገበ ይቀደዳል፣ እንጨቱንም ይጭራል።

ዋናው ጣጣ ቀዳዳው ላይ ነው። ቀዳዳው ሰጋቱራው በፓዱ አልፎ ወደ ከረጢቱ ወይም ወደ መምጠጫው እንዲገባ የተሠራ መንገድ ነው። በ125 ሚሊሜትር ባለ 5 እና ባለ 8 ቀዳዳ አለ፤ የዲዋልት፣ የማኪታና የቦሽ የተለመዱ ሞዴሎች ባለ 8 ናቸው። በ150 ላይ ግን ባለ 6፣ መሐሉ ላይ አንድ የተጨመረበት ባለ 8፣ ባለ 15፣ ባለ 17 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ ቢመሳሰል እንኳ የቀዳዳዎቹ ከመሐል ያላቸው ርቀት ሊለያይ ስለሚችል፣ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። አሮጌውን ዲስክ ይዞ ሱቅ ሄዶ አዲሱ ፓድ ላይ አስተኝቶ ማየት ይሻላል።

ቀዳዳው ካልገጠመ ብናኙ ከዲስኩ ሥር ይቀራል። ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ሠራተኛውም «አልበላ አለኝ» ብሎ ማሽኑን ይጫነዋል። ጭነቱ ሙቀቱን ያብሰዋል፤ በመጨረሻም የፓዱ ፕላስቲክ መንጠቆ ይቀልጥና ዲስኩ እየበረረ መውጣት ይጀምራል። የቀረው ብናኝ ወደ አየሩ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከረጢቱ ኖረም አልኖረም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አይቀርም።

የተከማቸ ዲስክ ካለ መጣል ግድ አይደለም። አንደኛው መላ ለአዲሱ ማሽን በአሮጌው ዲስክ ልክ የተቀደደ ወይም ብዙ ቀዳዳ ያለው ፓድ መፈለግ ነው። ሁለተኛው በካርቶን ላይ የፓዱን ቀዳዳ አንስቶ ያንን እንደ ልክ በመጠቀም ዲስኩን በመብሻ መብሳት ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ይሠራል። ሦስተኛው ቀሪውን ለእጅ ሥራ ማዋል ነው። ወደፊት ለሚገዛ ሰው እንደ ፊንላንዱ ሚርካ አብራኔት ያለ መረብ ዲስክ አለ፤ ሁለመናው ቀዳዳ ስለሆነ የቀዳዳ አሰላለፍ አያስጨንቅም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ከሥሩም የፓዱን መንጠቆ የሚጠብቅ ስስ መከላከያ ይፈልጋል።

ፓድ ሲቀየር ከሥሩ ያለውን አያያዝ ማየት ነው። አንዳንዱ በሦስት፣ አንዳንዱ በአራት ትናንሽ ብሎኖች፣ ሌላው መሐል ላይ ባለ አንድ ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ገጠመ ተብሎ ግን በ125 ማሽን ላይ የ150 ፓድ አይታሰርም። በማሽኑ ውስጥ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ብረት የተለካው ለፓዱ ክብደት ነው፤ ሲዛባ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። ፓዱ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ሆኖ ይመጣል፤ ለጠረጴዛ ገጽ ጠንካራው ወይም መካከለኛው፣ ለተጠማዘዘ የወንበር እግር ለስላሳው ይሻላል።

ማሽኑ ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ ስለ ዲስክ ከማሰብ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቀድማል። የእዚያ አገሩ በ120 ቮልት ይሠራል፤ እኛ ጋ ያለው 220 ነው፣ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል።