የሰርቨር ሰዓት መዛባትና የኢሜይል ማረጋገጫ ስሕተት

ሁለት የኢሜይል ሰርቨሮች ማንነታቸውን ሲያረጋግጡ የሚሰጠው 535 5.7.8 የተሰኘው ምላሽ የቀረበው የይለፍ ቃል ወይም የተጠቃሚ ስም አለመጽደቁን ያመለክታል። 454 4.7.0 ግን ጊዜያዊ መሰናክል ነው፤ መልእክቱ ወረፋ ይዞ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃል ለመለወጥ መቸኮል አይገባም። የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚጠቀሙበት ኬርቤሮስ የተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት፣ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ፣ የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ሰርቨር የቆየ ቀን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ሰዓቱን በእጅ የሚያስተካክለው ባለሙያም (መቼም የለመደው ያገሩን አቆጣጠር ነው) 9 ማለት ሲገባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ቢያስገባ፣ ልዩነቱ 6 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ቀጠናው ከተሳሳተ ደግሞ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ሰዓት ትክክል ቢመስልም ማረጋገጫው ይከሽፋል፤ ኬርቤሮስ የሚያነጻጽረው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነውና።