ቢላል በአኒሜሽን፦ የሐበሻዊቷ ልጅ ታሪክ ለልጆቻችን

በአቦምሳ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቤተሰብ በተምሩና በሳምቡሳው ዙሪያ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ሙአዚን የቢላል ኢብን ረባህ (ረ.ዐ) እናት ሐማማ ሐበሻዊት መሆኗን ግን ስንቶቹ ልጆቻችን ያውቃሉ?

ይህን ታሪክ በኮምፒውተር አኒሜሽን የሠራው የዱባዩ ባራጁን ኢንተርቴይንመንት ነው። ኩራም አላቪና አይመን ጀማል ያዘጋጁት «ቢላል» በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2015 በዱባይ የፊልም ፌስቲቫል ለእይታ በቃ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ገጸ ባሕርዩ መጀመሪያ በንድፍ ይሣላል፣ ከዚያ በኮምፒውተር ቅርጽ ይሰጠዋል፣ እንዲንቀሳቀስም አጥንትና መገጣጠሚያ ይበጅለታል። ብርሃንና ጥላው፣ የልብሱ እጥፋት ሳይቀር ይሠራል። በሲኒማ አንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ስላሉት የአንድ ደቂቃ ትዕይንት 1,440 ምስል ይፈልጋል።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ግን አደቡ ነው። ፊልሙ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በምስል አያሳይም። ሶሐባዎችን ግን ያሳያል፤ ይህን የማይፈቅዱ ዑለማዎች አሉ። ለሲኒማ ተብሎ የተጨመረም ትዕይንት አለበት። ስለዚህ ወላጅ ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት የሚያምነውን ዓሊም ቢጠይቅ፣ ከከፈተም ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ እውነቱን ከፈጠራው ቢለይላቸው መልካም ነው።

ፊልሙን ያሳየም ያላሳየም ታሪኩን መንገር ይችላል። ቢላል በኡመያ ኢብን ኸለፍ እጅ በጋለ አሸዋ ላይ ሲሰቃይ «አሐድ፣ አሐድ» ማለቱን፣ አቡበክርም (ረ.ዐ) ነፃ እንዳወጡት ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ይንገሯቸው። ነገ አዛን ሲባል በሌላ ጆሮ ያዳምጣሉ።